አክስት የሌለው አሰልጣኝ

አገር በኳስ ስታሸንፍ ሁላችንም ተጫውተናል፤ ስትሸነፍ ግን ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የሚጥሰው ግን የለም። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ሕጉ ፍርደ ገምድል መሆኑ የታያት ልጇ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትማ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው የቀድሞውን አሰልጣኝ ስታብጠለጥል ኖራለች። «ይሄ ሰውዬ ዓይን አልፈጠረበትም?» እያለች መቀሷን ስታንቀጫቅጭ የሰማ ሁሉ ምስክር ነው። ያም ሰው እናት ይኖረው ይሆን ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

ሱቋ ጠባብ ናት። ከበሩ በስተግራ የስፌት መኪናዋ፣ በስተቀኝ የካውያ ጠረጴዛው፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ደንበኛ ቆሞ የሚለካባት፣ ክንዱን ከዘረጋ ግድግዳ የሚነካባት ቦታ አለች። በካውያው በኩል የምትሠራው የረጅም ዘመን ጓደኛዋ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሿ» ነው የሚላት። የክር መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ አድማጮች እየደወሉ ስለ ኳስ የሚከራከሩበት ፕሮግራም ሲጀምር፣ ሁለቱ ሴቶች የጎረቤት ሐሜታቸውን ሳይቀር ያቋርጡለታል።

ልጇ በተሾመ ሰሞን እዚያችው መለኪያ ቦታ ላይ ቆሞ፣ እሷ የአዲሱን ኮቱን እጅጌ እያሳጠረችለት፣ አንድ ነገር ለመናት።

«እማዬ፣ ሰው ስለኔ የፈለገውን ቢናገር መልስ እንዳትሰጪ። ይሄ ሥራ ደሞዙም ስድቡም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። አንቺ ከገባሽበት ግን ስድቡ እቤታችን ገባ ማለት ነው።»

«እኔ ደግሞ መቼ ከሰው ስጨቃጨቅ አየኸኝ?» አለችው። ይህን ቃሏን ሱቁን ያከራያት ሰውዬ ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር።

«ግዴለም፣ ቃል ግቢልኝ።»

«አንተን ይንሳኝ፣ ትንፍሽ አልልም።»

ቃሏንም ጠበቀች። እርግጥ ያን ጊዜ ቡድኑ ያሸንፍ ስለነበረ መጠበቁ አላስቸገራትም። ኋላ ግን ቡድኑ በገዛ ሜዳው፣ ያውም በጎረቤት አገር ተሸነፈ። ያሸነፈችው ኳስ እንኳ የረባች አልነበረችም፤ እየተንከባለለች መጥታ በአንጋፋው በረኛ እግሮች መሀል ሾልካ ገባች። በማግስቱ ስልክ ያለው ሁሉ አሰልጣኝ ሆነ። አንዱ ደውሎ «ያ ሽማግሌ በረኛ እስከ መቼ ነው የሚቆመው? ወጣቱ እኮ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሻገተ» አለ። ሌላው አሰልጣኙ ኳስ ክብ መሆኗን እንደሚጠራጠር ተናገረ። አንዷ ደግሞ የሰውየው አቋቋም ራሱ የተሸናፊ አቋቋም ነው አለች። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ዚፕ ትሰፋለች። መጨረሻ ላይ የታክሲ ሾፌር ነኝ ያለ ሰው መስመር ላይ ገባ።

«ጉዳዩ እኮ ግልጽ ነው» አለ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ። «በረኛው የአሰልጣኙ የአክስት ልጅ ነው። ከታማኝ ምንጭ ነው የሰማሁት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ነገሩ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«የቱ አክስት?» ስትል ሬዲዮውን ጠየቀችው።

ስድቡን ችላዋለች፤ አክስቲቱን ግን መቻል አቃታት። እሷ ለእናቷ አንድ ናት። ባሏም ለእናቱ አንድ ነው። ሲጋቡ እንኳ የዘመድ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ጎረቤት ተለምኖ ነው የተቀመጠበት። በዚህ ምድር ላይ ልጇ አክስት እንደሌለው አሳምራ የምታውቅ ሰው ብትኖር እሷ ናት። ታዲያ እያወቀች አፏን ዘግታ ዚፕ ትስፋ?

«ተይ እንጂ፣ ለልጅሽ ቃል ገብተሽለት የለም ወይ?» አለች ተኳሿ፣ የጓደኛዋ እጅ ወደ ስልኩ ሲሄድ አይታ።

«የገባሁለት ስድብ ላልመልስ ነው። ይሄ ስድብ አይደለም፣ ውሸት ነው።»

«ድምፅሽንስ ቢያውቁት?»

«እለውጠዋለሁ» አለችና አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ጨብጣ ደወለች። እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወይም እንደ ዕድለ ቢስነት ሆኖ፣ ስልኩ ወዲያው ተነሳ።

«ሄሎ፣ ፕሮግራማችን ላይ ነዎት። ማን እንበል?» አለ አዘጋጁ።

«አንድ አድማጭ ነኝ።»

«ጉንፋን ይዞዎታል መሰለኝ እናቴ። እግዜር ይማርዎት።»

«አሜን። እኔ የደወልኩት ስለ አክስቲቱ ነው። አሰልጣኙ አክስት የለውም።»

«እንዴት አወቁ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን አላሰበችበትም ነበር። አዘጋጁ የዋሸውን ሰውዬ እንዴት አወቅህ አላለውም፣ እውነቱን የተናገረችውን ግን ጠየቃት። ሬዲዮ እንዲህ ነው።

«ወይስ» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «ዘመድ ነዎት?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

ለልጇ የገባችው ቃል፣ የልጇ ፊት፣ በነጋታው የሚወጣው ወሬ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት። ባዕድ መስላ ለመውጣት አንድ መንገድ ብቻ ቀራት፤ እሱን መውቀስ። ግን ምን ብላ ትውቀሰው? ሌባ ነው እንዳትል ሌባ አይደለም። ሰነፍ ነው እንዳትል ምላሷ አይታዘዛትም። አፏ ላይ ድንገት የመጣላት ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳ በቀረበ ቁጥር የምትለው ነገር ነበር።

«ለሰውየው ጠበቃ አይደለሁም» አለች። «ጥፋትማ መች ጠፋበት። ግትር ነው! አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢቆጡት አይሰማ።»

አዘጋጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ግትር! ስንት ባለሙያ ጋብዘን ያላገኘነውን እናታችን በአንድ ቃል ጨረሱት። እናመሰግናለን፣ ይማርዎት!»

ከዚያ ወዲያ አክስቲቱን ያነሳ ሰው አልተገኘም። ቃሏ ግን እግር አወጣች። በመጀመሪያ ደዋዮች ተቀባበሏት፤ ቀጥሎ ጋዜጣ አወጣት። ሳምንት ሳይሞላ የአሰልጣኙን ስም የሚጠራ ጠፍቶ «ግትሩ» ብቻ ሆነ። ልጆች ግድግዳ ላይ ጻፉት። ስታዲየም በር ላይ «ግትሩ ይውረድ» እያሉ የሚዘፍኑ ሰዎች ዜማ እስከማውጣት ደረሱ። ይባስ ብሎ ሁለት ጎረምሶች ነጭ ካናቴራ ይዘው ሱቋ መጡና ያችኑ ቃል በቀይ ክር እንድትጠልፍላቸው ጠየቋት።

«ክር የለኝም» አለቻቸው፣ ከኋላዋ ግድግዳው ሙሉ ክር ተደርድሮ እያዩት።

እቤትም ሰላም አላገኘችም። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንዱ ጆሮው ደክሟል፣ ቁጣው ግን ገና ጎልማሳ ነው። ማታ ማታ ሾርባውን እያማሰለ «ያቺን ቃል ያወጣው ሰው እጄ ላይ በወደቀ!» ይላል። እሷም «ትኩሱን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል» ትለዋለች። ለባሏ ያልነገረችው ነገር ሲኖር ሾርባ እንደሚጣፍጥላት በዚያ ሰሞን አወቀች፤ አጥብቃ ስለምታማስል ይሆናል።

ልጇ በዕረፍት ቀኑ ለምሳ መጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የከሳውን ከፊቱ በፊት ከኮቱ ነው ያየችው። ስለ ኳስ አንስታ አታውቅም፣ ያን ቀንም አላነሳችም። እሱ ራሱ ነው ዳቦውን ቆርሶ መብላቱን ረስቶ የጀመረው።

«ሌላውን ሁሉ ለምጄዋለሁ እማዬ። ደንቆሮ ብለውኛል፣ ሌባ ብለውኛል፤ ወደ ቤት ስገባ ከጫማዬ ጋር በር ላይ አወልቀዋለሁ። ያቺ ቃል ግን አንቺ የምትዪኝ ናት። ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማት የቤታችንን በር ክፍት ትተን የወጣን ይመስለኛል።»

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ ልትለው አፏን ከፈተች። «ብላ እንጂ» አለችው በምትኩ፤ እሱም በላ። ሲሄድ ግንባሯን ስሞ ሄደ። ያ መሳም ከስድብ ሁሉ በላይ አቃጠላት። ልጇ ከሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ፣ እሱንም ከእሷ ብቻ ነበር የለመነው፤ እሷ ደግሞ ቃሏን ማፍረሷ ሳያንስ ሰው ሁሉ የሚወረውርበትን ድንጋይ በገዛ እጇ አቀበለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ሲጀምር ስልኳን አነሳች። ተኳሿ የሰው ሸሚዝ ዘርግታ ነበር፤ ካውያውን እንደያዘች «ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን መታች። በዚህ ጊዜ አፍንጫዋን አልያዘችም።

«ሄሎ፣ ማን እንበል?»

«ያን ጊዜ ጉንፋን ይዟት የነበረችው ሴትዮ ነኝ።»

«እናታችን!» አለ አዘጋጁ፣ ደስታው ከሬዲዮው ሊዘል ደርሶ። «ግትሩን ያወጡልን! ዛሬስ ምን ይዘውልን መጡ?»

«ምንም አልያዝኩም። ልወስድ ነው የመጣሁት። ቃሌን መልሱልኝ።»

«አልገባኝም እናቴ።»

«እናቱ ነኝ።»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። ሬዲዮ ጸጥ ሲል ሰው የተበላሸበት ይመስለዋል፤ በየሱቁ ስንቱ ተነስቶ ሬዲዮውን በጥፊ እንደመታው እግዜር ይወቀው።

«የአሰልጣኙ እናት?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ የወለድኩት። አክስት እንደሌለው ያወቅኩትም ለዚያ ነው። ያን ቀን ዘመድ ነዎት ወይ ስትለኝ ደነገጥኩና ልጄን አሳልፌ ሰጠሁት። ያቺ ቃል የቤታችን ናት። እኔ ስለው ሌላ ነው፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲለው ሌላ ነው። እኔ ብዬው ሲያበቃ ምሳውን አቀርብለታለሁ። እናንተ ብላችሁት ስታበቁ ምን ታቀርቡለታላችሁ?»

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ሆኖበት ነው እንጂ። «እና እናቴ፣ ግትር አይደለም ነው የሚሉን?»

አይደለም ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ውሸት በዚያ ሰሞን በቅቷት ነበር።

«ነው እንጂ። ስማኝ ልንገርህ። ልጅ ሆነው መንገድ ላይ ሲጫወቱ ቡድን ይመራረጡ ነበር። አንድ እግሩ የሚያነክስ የጎረቤት ልጅ ነበረ፤ ማንም አይመርጠውም። የኔ ልጅ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነበር። ተሸንፎ ይመጣል። በነጋታው አሁንም መጀመሪያ እሱን ይጠራል። ‹አንተ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ብትጠራው ምን ነበረበት?› ስለው ‹መጨረሻ መጠራቱን እኮ ያውቀዋል› አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግትር ያልኩት ያኔ ነው።»

«ያ ልጅስ በኋላ ጎበዝ ተጫዋች ወጣው?» አለ አዘጋጁ፣ ታሪኩ እንዲያምርለት ጓጉቶ።

«የለም፣ ኳስ የሚባል አልሆነለትም። አሁን መድኃኒት ቤት ይሠራል። በሱቄ ባለፈ ቁጥር ግን ሳይስመኝ አያልፍም።»

«እና ብዙ ጊዜ ይሸነፉ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

አዘጋጁ ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። «ስለ ኳሱ የፈለጋችሁትን ተናገሩ፣ አልከለክልም። ተሸንፏል፣ ውቀሱት። እኔም ከእሱ በፊት የነበረውን ሰውዬ ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ እናቱ ካለች ይቅር ትበለኝ። አክስት ግን አትፍጠሩለት። ቃሌንም መልሱልኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሱቁን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሞልቶት ነበር። ተኳሿ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ካውያው የሰው ሸሚዝ ላይ እንደተቀመጠ ቆማለች።

እቤት ስትደርስ ባሏ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ያ የደከመው ጆሮው እንኳ ሰምቷል። አየት አደረጋትና «እጄ ላይ የወደቅሽው አንቺ ነሽ ለካ» አለ። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ሳቁ መጣበት፤ ሲስቅ ስታየው እሷ ደግሞ አለቀሰች። የባሏ ሳቅ አልጠቀማትም። የጨነቃት የልጇ ነገር ነበር። አገር የሚቀልድበት ሰው ላይ አሁን ደግሞ «እናቱ የምትሟገትለት» የሚል ጨምራበታለች።

ልጇ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አያት፣ ጫማውንም አላወለቀም።

«ቃልሽን አጠፍሽ።»

«አዎ። ሁለቴ።»

«ከልምምድ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሁሉም ሰሙ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቁሞ ነው የሰማው።»

«ሳቁብህ?»

«ሳቁብኝ።» ከዚያ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስቀው ሲያበቁ አንጋፋው በረኛችን ከኋላ ወንበር ተነስቶ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። ‹ለካ ያ የሚያነክሰው ልጅ እኔ ነኝ› አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ደረቷን ያዘች። «ውይ! እኔ እሱን አላልኩም።»

«አውቃለሁ። እሱም አልተቀየመም።»

ከዚያ ባሏን ገረፍ አድርጋ አየች፣ በሩ መዘጋቱንም አየች።

«እውነቱን ልንገርህ ልጄ? በረኛህ አርጅቷል።»

«አንቺም?»

«እኔ የምለው እዚህ፣ በር ተዘግቶ ነው። ያቺን ኳስ እኔም በቀሚሴ እይዛት ነበር።»

«እኔም ብዬዋለሁ፣ አልሰማ ብሎኝ ነው» አለ ባሏ ከወዲያ።

ልጇ መሳቅ ጀመረ። ከሽንፈቱ ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። በረኛው እንዳረጀ ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ራሱ ነው። ግን ሰውየው ለአገሩ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቆሟል፤ በአንዲት ኳስ ምክንያት በጩኸት ተባርሮ እንዲወጣ አልፈለገም። ጩኸቱ እስኪበርድ ስድቡን እሱ ሊሸከምለት አስቦ ነበር። አሁን ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። በሚቀጥለው ጨዋታ አንጋፋው እንደ ልማዱ ቡድኑን እየመራ ሜዳ ይገባል፤ ሕዝቡን እጅ ይነሳል፤ ከዚያ ጓንቱን በገዛ እጁ ለወጣቱ አልብሶ ይወጣል።

«እስከዚያ ማንም መስማት የለበትም» አለ። «ለረዳቴም ገና አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ነገርከኝ? ምላሴን አገር ሁሉ ባየው ማግስት?»

«ለማን ልንገር እማዬ? አክስት የለኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጨዋታው እስኪደርስ ሬዲዮው እንደ ልማዱ ቀጠለ። ሰው በአንድ ጊዜ መልአክ አይሆንም። ብቻ አሁን ደዋዮቹ ከመውቀሳቸው በፊት «እናቱ እየሰሙ ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝና» ማለት ጀምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አይምሩም። የተጫዋቾች ስም በተነገረ ዕለት ያው የታክሲ ሾፌር ደወለ። «እናቱ ይቅር ይበሉኝና፣ አሁንም ያንን ሽማግሌ ጠርቶታል! ይሄ እንግዲህ...» አለና ቃሏ አፉ ላይ ደርሳ ዋጣት። «ምን እንደምለው ራሱ ጠፋኝ» ብሎ ዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ሾፌሩን፣ አዘጋጁን፣ አገሩን ሁሉ ፀጥ የሚያሰኘው መልስ ጉሮሮዋ ላይ ነው። ስልኩም አጠገቧ ነው። እጇ ወደ ስልኩ ሄደ፣ ከስልኩ አልፎ የስፒል ሣጥኗን አነሳ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከንፈሯ መሀል ደረደረች፣ አፏ ቦታ እስኪያጣ ድረስ።

«አንቺ፣ የምታውቂው ነገር አለ» አለች ተኳሿ፣ ካውያዋን አቁማ እየመረመረቻት። «ንገሪኝ። እኔ እኮ ለማንም አልናገርም።»

ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ እየሳቀች፣ በጣቷ ስፒል የሞላውን አፏን አመለከተቻትና ቀሚሱን ወደ ብርሃን አዙራ ሥራዋን ቀጠለች።